ከጥድፊያ መውጫ፤ የአራት ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

ረጋ ብለው ለመኖር የሚሞክሩ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ቀናቸው ከጠዋት እስከ ማታ እንደተሞላ፣ በላዩ የእርጋታ ሰዓት ይጨምሩበታል፤ ጠዋት 20 ደቂቃ ጽሞና፣ ከሰዓት የእግር ጉዞ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ንባብ። ሞልቶ በሚፈስ እንስራ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው። ሳምንት ሳይሞላ እርጋታው ራሱ የሚያስቸኩል ሌላ ቀጠሮ ይሆንና ይቀራል፤ ሰውየውም «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብሎ ይደመድማል።

የጎደለው ፈቃደኝነት ወይም ጽናት አይደለም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መቀነስ፣ ከዚያ ክፍተት መተው ይቀድማል፤ ቀስ ማለት የሚመጣው ቦታ ከተገኘለት በኋላ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚሁ ተራ ተቀምጠዋል። ደረጃ 6 ከሁሉም ደስ የሚለው ስለሆነ ከእሱ መጀመር ያምራችኋል። አትጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦

- ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መመዝገብም ይቻላል፤ ግን ለመጻፍ ብላችሁ ከፍታችሁ ሌላ ነገር ስታዩ ትቆያላችሁ።
- ስልክ ያልሆነ ሰዓት፣ የእጅም ይሁን የግድግዳ። ሰዓት ለማየት ስልኩን ያነሣ ሰው ሰዓቱን ብቻ አይቶ መልሶ አያስቀምጠውም።
- አስቀድማችሁ የነገራችሁት አንድ ሰው፤ የትዳር አጋር፣ አብሮ አደግ፣ የሥራ ባልደረባ። የዚህ ሰው ሥራ መቆጣጠር አይደለም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ስለምትቀይሩት ነገር ቀድሞ እንዲያውቅና እንዳይደናገጥ ነው።

የሚጀመርበትን ሳምንት ምረጡ። ፈተና፣ ቤት መቀየር፣ የበጀት መዝጊያ ወይም ረጅም ጉዞ ያለበት ሳምንት አይሆንም፤ የምትለኩት የተለመደውን ሕይወታችሁን መሆን አለበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ልብ ያለ ምክንያት በፍጥነት የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ ክብደት የሚቀንስ ወይም እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልክ እንደዚህ ያጣድፋል፤ ጭንቀትም እንዲሁ ሕክምና አለው። ይህን በሰዓት አደላደል ለማስተካከል መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ወይም የታመመ ሰው ቀን ከሌት የምታስታምሙ ከሆነ ደረጃ 3 ላይ የሚቀነስ ብዙ ላታገኙ ትችላላችሁ። ያ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ደረጃ 1ን፣ 4ንና 5ን ብቻ ሥሩ፤ ለደረጃ 3 ደግሞ «ማን ያግዘኝ?» የሚለውን ጥያቄ ያዙ።

ደረጃ 1፦ ሳምንቱን መዝግቡ (ሳምንት 1)

1. በየቀኑ አዲስ ገጽ ክፈቱ። ቀኑን ከላይ ጻፉ።
2. ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር ሰዓቱንና የጀመራችሁትን ነገር በአንድ መስመር ጻፉ።
3. በጥድፊያ የሠራችሁት ነገር አጠገብ «ጥ» አድርጉ። ስለተሳሳታችሁ ወይም ስለረሳችሁ ዳግመኛ የሠራችሁት ከሆነ «ድ» ጨምሩበት።
4. ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ጻፉ። ማታ ተቀምጦ ቀኑን ከትዝታ መሙላት አይሠራም፤ ትዝታ ትልልቁን ያስቀራል፣ የመሸጋገሪያውን ደቂቃ ይጥላል። የምትፈልጉት ደግሞ የመሸጋገሪያውን ነው።
5. ስልካችሁ ራሱ የሚይዘውን የአጠቃቀም ሰዓት በሰባተኛው ቀን ከሴቲንግ ውስጥ አውጥታችሁ ጻፉ። በአንድሮይድ «ዲጂታል ዌልቢይንግ»፣ በአይፎን «ስክሪን ታይም» በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ።

አንድ ጠዋት በዚህ አመዘጋገብ ይህን ይመስላል፦

12፡40 ነቃሁ፤ አልጋ ላይ ስልክ
1፡10 ታጠብኩ፣ ለበስኩ — ጥ
1፡35 ቁልፍ ፍለጋ — ጥ
1፡45 ወጣሁ፤ ቁርስ በመንገድ — ጥ
1፡55 ሰነድ ረስቼ ተመለስኩ — ጥ፣ ድ

ይህ ሰው ቢጠየቅ «ጠዋት ጊዜ የለኝም» ይላል፤ ከልቡም ነው። መዝገቡ ግን ሌላ ይናገራል። 30 ደቂቃ ስልክ ላይ፣ 10 ደቂቃ ቁልፍ ፍለጋ ላይ ሄዷል፤ የመመለሻው መንገድ ሲጨመርበት አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። መፍትሔውም ጠዋት ላይ የለም። ማታ ከመተኛት በፊት ቁልፍና ሰነድ በር አጠገብ አንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ድ» ምልክቶችን በተለይ ተመልከቱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚያ ላይ በደቂቃ ተቆጥሮ ይታያል።

ሲበላሽ፦ በሦስተኛው ቀን መመዝገብ ከረሳችሁ ያለፈውን ባዶ ትታችሁ ካላችሁበት ሰዓት ቀጥሉ። ከዜሮ መጀመር ሰዎች የሚተዉበት ዋናው ምክንያት ነው። አምስት ቀን በቅጡ ከተመዘገበ ይበቃል፤ ከአምስቱ አንዱ ግን የዕረፍት ቀን መሆን አለበት። በዚህ ሳምንት ምንም ነገር ለማስተካከል አትሞክሩ። መዝገቡን ለማሳመር ብላችሁ የምትቀይሩት ነገር ልኬቱን ያበላሸዋል።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ሥሩ

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚወስድ ሥራ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ፤ በስተግራ ያለውን ሰዓት፣ በስተቀኝ ሰዓት የሚፈልገውን ጻፉ።

በግራ በኩል ከ168 ተነሡ፤ የሳምንት ሰዓት ይኸው ነው። መጀመሪያ እንቅልፍን ቀንሱ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፤ 8 ሰዓት ለሚያስፈልገው 56 ይቀነሳል፣ 112 ይቀራል። እንቅልፍን መጀመሪያ መቀነስ ግድ ነው፤ ወደ መጨረሻ ካስተላለፋችሁት የተረፈው ይደርሰዋል። ከዚያ ሥራና መንገድን (55 ብንል)፣ ምግብ፣ ገላ፣ ጽዳትና ግዢን (21)፣ ለልጅ ወይም ለወላጅ የሚሰጥ እንክብካቤን (14) ቀንሱ። 22 ሰዓት ይቀራል።

በቀኝ በኩል ቃል የገባችሁትንና የለመዳችሁትን ሁሉ በሰዓት ዘርዝሩ። ለምሳሌ፦ የማታ ትምህርት 8፣ የጎን ሥራ 10፣ የማኅበር ስብሰባ 3፣ ወዳጅ ዘመድ 6፣ ስፖርት 4፣ ስልክ በቀን 2 ሰዓት ማለትም 14። ድምሩ 45 ነው። ያለው 22፣ የሚፈለገው 45። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ጉድለት አለ ማለት ነው። ይህ ጉድለት በመፍጠን አይሞላም፤ ከእንቅልፍ፣ ቁጭ ብሎ ከመብላትና ከሰው ጋር ከመሆን እየተቀነሰ ይከፈላል።

የምትጽፉት ቁጥር ከመዝገባችሁ ይምጣ፣ ከግምታችሁ አይምጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ሁሉ ነገር ሳይደናቀፍ የሚሄድበትን ሁኔታ ያስባል፤ ተመሳሳይ ሥራ ባለፈው ጊዜ ስንት እንደፈጀበት አይጠይቅም። መዝገብ ውስጥ ለሌለ አዲስ ሥራ ግምታችሁን በአንድ ተኩል አባዙት። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል ያላችሁትን ሦስት ብላችሁ ያዙ።

ሲበላሽ፦ ሁለቱ ወገኖች ከተመጣጠኑ ወይም ትርፍ ሰዓት ከወጣላችሁ፣ ግን ጥድፊያው በመዝገቡ ላይ በግልጽ ካለ፣ የሆነ ነገር አልተጻፈም። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱት የመዘጋጃ ሰዓት፣ ወረፋ፣ «አንዴ ላግዝህ» ተብሎ የተሰጠ ጊዜና ስልክ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ቀንሱ (ሳምንት 2)

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ መመሪያው የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ግቡ የቀኙ ድምር ከግራው 80 በመቶ በታች እስኪሆን መቀነስ ነው። በምሳሌያችን ከ22 ሰዓት 80 በመቶው 17.6 ነው።

1. በቀኝ በኩል ካለው እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ «ይቁም»፣ «ይቆይ»፣ «ይቀጥል»። «ይቆይ» ያላችሁት ላይ የሚጀመርበትን ወር ጻፉ። ወር የሌለው «ይቆይ» ሐሳባችሁን ስለማይለቅቀው አልተቀነሰም።
2. ሁለት ትልልቅ ነገሮች ከተጋጩ ሁለቱንም በግማሽ አትያዙ። የማታ ትምህርትና የጎን ሥራ አብረው ካልተቻሉ አንዱ ያልቅና ሌላው ይጀመር።
3. «ይቀጥል» ያላችሁት ውስጥ የሚጠብ ካለ አጥብቡ፤ ከሌላ ነገር ጋር ሳይሻሙ የሚገጥም ካለም አጋጥሙ። መንገዱን በከፊል በእግር መሄድ ለስፖርት የተለየ ሰዓት ከመፈለግ ያድናል።

በምሳሌው የጎን ሥራው ትምህርቱ እስኪያልቅ ይቆያል፣ የማኅበሩ ስብሰባ ይቆማል፣ ስፖርቱ ወደ መንገድ ይገባል፣ ስልኩ በቀን ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል። 8 ለትምህርት፣ 6 ለሰው፣ 3.5 ለስልክ፤ 17.5። ገባ። ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ የጎን ሥራው ገቢም ነበርና ከመወሰናችሁ በፊት ከሚመለከተው ቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

የማይነኩት

እንቅልፍ፣ ቁጭ ብሎ መብላትና የቅርብ ሰዎች ከዝርዝሩ አይወጡም። ሰው ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚቀንሰው እነዚህን ነው፤ ምክንያቱም ደውሎ «የት ቀረህ?» የሚል አለቃ የላቸውም። ዝም ስለሚሉ ብቻ አትቁረጧቸው።

እምቢ ለማለት የሚሆኑ ቃላት

መቀነስ በወረቀት ላይ ያልቅና በአፍ ላይ ይከሽፋል። ንግግሩን አስቀድማችሁ ጻፉት።

ብዙም ቅርበት ለሌለው ሰው፦ «ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ፤ አልችልም።» ምክንያት አትደርድሩ። ምክንያት ሲሰጥ ክርክር ይከፈታል፤ «መኪና የለኝም» ካላችሁ መኪና ይፈለግላችኋል። «እስቲ አያለሁ» ደግሞ ለጠያቂው «እሺ» ነው፣ ለእናንተ ግን ሳምንት ሙሉ የሚከተል ዕዳ ነው።

ለአለቃ እምቢ ከማለት ይልቅ ምርጫውን እሳቸው እጅ ላይ አድርጉ። በእጃችሁ ያለውን ሥራ ከሚፈጀው ሰዓት ጋር በወረቀት ይዛችሁ ግቡ፦ «እነዚህ ሦስቱ እጄ ላይ ናቸው፤ አዲሱን ዛሬ እንድጀምር ከፈለጉ የትኛውን ላቆየው?» ዝርዝር በሌለበት ይህን መጠየቅ ስንፍና ይመስላል፤ በዝርዝር ሲቀርብ የሥራ ጥያቄ ነው።

ለታላቅ ዘመድ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ባዶ «አልችልም» ያስቀይማል፤ ማስቀየሙም ተገቢ ነው። በምትኩ ቁርጥ ያለ ጊዜ ስጡ፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ አልመጣም። እሑድ ከሰዓት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ።» ያን ጊዜ ካጠፋችሁ የሚቀጥለው «አልችልም» አይታመንም።

ሲበላሽ፦ ቀንሳችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታው በሌላ ነገር ከሞላ፣ የተለቀቀውን ሰዓት ስም ሳትሰጡት ስለተዋችሁት ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ባዶ ምሽትም እንዲሁ በተለጠጠ ሥራ ይበላል። ደረጃ 7 የተጻፈው ለዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዓቱን በካሌንደር ላይ «የተያዘ» ብላችሁ ዝጉት።

ደረጃ 4፦ ክፍተት ተዉ (ሳምንት 3)

20 በመቶው ለምን ባዶ ይቀራል? የወረፋን ሒሳብ ማየት ይረዳል። አንድ አስተናጋጅ ባለበት ወረፋ፣ ሰዎች የሚመጡበትም የሚስተናገዱበትም ጊዜ በዘፈቀደ ሲለዋወጥ፣ አስተናጋጁ ከጊዜው 80 በመቶውን ሥራ ላይ ከሆነ አማካዩ ጥበቃ የአንድ ሰው መስተንግዶ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲደርስ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲደርስ 19 እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 የተጨመረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ጥበቃው ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። የአንድ ሰው ቀንም ያልታሰበ ነገር በየጊዜው ስለሚገባበት በዚሁ ይገዛል። ጢም ያለ ቀን ውስጥ አንድ የ15 ደቂቃ መዘግየት እስከ ማታ ድረስ ሁሉንም እያስረፈደ ይሄዳል።

1. ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ወይም ስብሰባ በኋላ 10 ደቂቃ በካሌንደር ላይ ያዙ። የአንድ ሰዓት ስብሰባ የምትጠሩት እናንተ ከሆናችሁ 50 ደቂቃ አድርጉት።
2. ቀኑን ለሁለት የሚከፍል 30 ደቂቃ ባዶ አስቀምጡ። ከጠዋት የተንከባለለው ሥራ እዚያ ላይ ይቆማል።
3. በሳምንት ግማሽ ቀን ምንም አትቅጠሩ። ይህ ለዕረፍት አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ የተረፈው የሚጠራቀምበት ነው። ምንም ካልተረፈ የእናንተ ነው።
4. ካሌንደር ላይ የመድረሻ ሰዓት ብቻ አትጻፉ። ሁለት ሰዓቶች ከፊቱ ጻፉ፦ ሥራ የምታቆሙበትንና ከበር የምትወጡበትን። ቀጠሮው 4፡00 ላይ፣ መንገዱ 40 ደቂቃ ከሆነ፦ «3፡00 ሥራ ይቆም፣ 3፡10 በር»። ከ40ው በላይ የቀረው 10 ደቂቃ መንገድ ላይ ለሚያጋጥም መዘግየት ነው።
5. የመንገዱን ርዝመት ከመዝገባችሁ ረጅሙን ውሰዱ። ሰው የሚያስታውሰው ጎዳናው ነጻ የሆነበትን አንዱን ቀን ነው።

የሚያሽከረክሩ ሰዎች ይህን በቁጥር ይዩት። 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 10 ደቂቃ ይፈጃል። በ70 ስትሄዱ 8 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ። ያተረፋችሁት 1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ አንዴም ካላቆማችሁ። ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም ያለው ርቀት ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 36 በመቶ ይረዝማል። 10 ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ከዚህ ፍጥነት ሰባት እጥፍ ያተርፋል፣ ማንንም አደጋ ላይ አይጥልም።

በክፍተቱ ውስጥ የሚደረገው

ስልክ የሚከፈትበት ክፍተት ክፍተት አይደለም። ሌላ ሥራ ከሌላ ሰው ይዞባችሁ ይመጣል። ሶፊ ለሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ሥራ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ሲዞሩ የሐሳብ ከፊሉ ከቀድሞው ጋር እንደሚቀርና አዲሱን ሥራ እንደሚያዳክም አሳይተዋል። ስለዚህ በ10 ደቂቃው፦ መጀመሪያ ያቆማችሁትን ሥራ የት እንደደረሰና ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ከዚያ ከመቀመጫ ተነሡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ፤ በመጨረሻ ስለሚቀጥለው ጉዳይ «ከዚህ ምን ይዤ ልውጣ?» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሲበላሽ፦ ሌሎች ሰዎች ካሌንደራችሁ ላይ ባዶ እያዩ ስብሰባ የሚያስገቡ ከሆነ ክፍተቱን ስም ስጡት፤ «ዝግጅት» በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

ደረጃ 5፦ ስልክና ጣልቃ ገብ ነገሮች

- ከሰው ከሚመጣ ጥሪና የግል መልእክት በቀር የሁሉንም አፕ ኖቲፊኬሽን አጥፉ። አንድ በአንድ ማጥፋት 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ ጨርሱት።
- መልእክትና ኢሜይል የምታዩበትን ሦስት ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ 4፣ 8 እና 11 ሰዓት። አብረዋችሁ የሚሠሩት ይህን ይወቁ፣ ለእውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲደውሉ ንገሯቸው።
- «አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» የሚል ስጋት ላለበት፦ «ዱ ኖት ዲስተርብ» ስታበሩ የመረጣችሁት ሰው ጥሪ እንዲያልፍና በአጭር ጊዜ ሁለቴ የደወለ ሰው እንዲሰማ የሚያደርግ ምርጫ በሁለቱም ዓይነት ስልክ አለ። ቤተሰብ ሁለቴ መደወልን ይወቅ።
- ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ። ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ።

ደረጃ 6፦ አንድ ነገር ቀስ ብላችሁ ሥሩ (ሳምንት 4)

አሁን ቦታ አለ። አንድ ብቻ ምረጡ፤ ሁለት አይደለም። በየቀኑ የምትሠሩት፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ አዲስ ሰዓት የማይጠይቅ ይሁን። መብላት፣ መሄድ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ማንበብ ይስማማሉ።

መብላትን ከመረጣችሁ፦ ተቀመጡ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ከጎረሳችሁ በኋላ እጃችሁ ባዶ ይሁን፤ የያዛችሁትን አስቀምጡ፣ ውጡ፣ ከዚያ ቀጣዩን አንሡ። ለመዋጥ የሚያጣድፈን እጃችን ላይ የሚጠብቀው ቀጣዩ ጉርሻ ነው። ከ20 ደቂቃ በታች አትነሡ። አብሯችሁ ሰው ካለ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ።

መሄድን ከመረጣችሁ፦ አፍ ሳይከፈት በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ በሚቻልበት ፍጥነት ሂዱ። ጆሮ ማዳመጫ አይኑር። ሐሳብ ሲሮጥ እግርም ይሮጣል፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ፍጥነቱን ቀንሱ።

ማንበብን ከመረጣችሁ፦ ዓይናችሁ መስመር እየዘለለ ከሆነ አንድ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ድምፅ ከዓይን ይዘገያል፣ ዓይንም ይከተለዋል። ከዚያ በዝምታ ቀጥሉ።

ከማንኛውም በፊት መረጋጋት እምቢ ካለ ለአምስት ደቂቃ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ፣ ባጠቃላይ 30 ነው። ራሳችሁን ካዞራችሁ እየሳባችሁ ያላችሁት አየር በዝቷል፤ አቁሙና እንደወትሮው ተንፍሱ። በሚቀጥለው ጊዜ አየሩን ቀንሱ፣ ቆጠራውን አታፍጥኑ።

ምን ጠብቁ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ደቂቃ እንደሄዳችሁ የመነሣት ግፊት ይመጣል፤ የረሳችሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ ይላል። አጠገባችሁ ወረቀት አድርጉ፤ የመጣውን በአንድ ቃል ጻፉና ቀጥሉ። አትነሡ። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች በኋላ ይበርዳል።

የሚያስተኛችሁ ከሆነ አልተሳሳታችሁም፤ የእንቅልፍ ዕዳ አለባችሁ። ደረጃ 6ን ለሳምንት ተዉትና ያንን ጊዜ ተኙበት። ከዚያ ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁት የእንቅልፍ ሰዓት በእርግጥ እየተተኛ መሆኑን ተመልከቱ።

ደረጃ 7፦ የተለቀቀውን ጊዜ ለማን ትሰጡታላችሁ?

«ለቤተሰብ ጊዜ እሰጣለሁ» የሚል ውሳኔ አይፈጸምም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ መቼ፣ የት እና እንዴት የሚለው አስቀድሞ የተወሰነ ዕቅድ ከባዶ ምኞት በበለጠ እንደሚፈጸም አስረድተዋል። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ማታ እራት እንደተነሣ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ከልጄ ጋር ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ።» ቀን አለው፣ መነሻ አለው፣ ቦታ አለው።

ሦስት ሰዎችና አንድ ሥራ ምረጡ፤ ከዚያ በላይ ወዲያው ደረጃ 3ን ያፈርሳል። ጊዜውንም አትቆራርሱት። ጨዋታ፣ ንባብ፣ የእጅ ሙያ ሁሉም ማሟሟቂያ አላቸው። ሰው የልቡን የሚናገረው ስለ አየሩና ስለ ሥራው አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ 15 ደቂቃ ብቻ የሰጣችሁት ሰው እዚያ ሳይደርስ ትነሣላችሁ። በሳምንት አንድ የ90 ደቂቃ ቆይታ ከስድስት የ15 ደቂቃ ጉብኝት ይበልጣል፣ ድምሩ እኩል ቢሆንም። ልዩ የሆኑት ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ አጭርም ሆኖ በየቀኑ መሆኑ ይሻላል።

ዕቅዱ ሲናጋ

እውነተኛ አስቸኳይ ቀን ሲመጣ። ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይፈርሳል። በዚያ ቀን ከደረጃዎቹ ሁለት ብቻ ያዙ፦ እንቅልፍና ከበር የመውጫ ሰዓት። የቀረውን ያለ ጸጸት ልቀቁ። ቀኑ ሲያልፍ ከነገ ካሌንደር አንድ ነገር ሰርዙ፤ ካልሰረዛችሁ የአንድ ቀን ጥድፊያ ሳምንት ይቆያል።

ምንም ሳትሠሩ ስትቀመጡ ጥፋተኛነት ሲሰማችሁ። ብዙዎችን የሚመልሳቸው ይህ ስሜት ነው። በመነሣት አትመልሱለት። የደረጃ 2ን ወረቀት አውጡና ሥራው ሰዓት እንደተሰጠው በዓይናችሁ እዩ። ሰዓት ያልተሰጠው ሥራ ካገኛችሁ ጻፉትና ቀን ስጡት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ተቀመጡ።

ቤተሰብ «ተለወጥክ» ወይም «ተለወጥሽ» ሲል። አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ላይ የወደቀ ሥራ አለ። እናንተ የተዋችሁትን ማን እንደተሸከመው ጠይቁ። የእናንተ እርጋታ በሌላ ሰው ጥድፊያ የተገዛ ከሆነ ደረጃ 3ን ከዚያ ሰው ጋር አብራችሁ እንደገና ሥሩት።

ሁሉም ከወር በኋላ ሲመለስ። ይመለሳል፤ አዲስ ቃል ኪዳን በየሳምንቱ ስለሚገባ። በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ያዙ። የዚያን ቀን ብቻ በደረጃ 1 መንገድ መዝግቡና «ጥ»ዎችን ቁጠሩ። ቁጥሩን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉት። ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጨመረ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ «እሺ» ያላችሁትን ዘርዝሩ። ከዝርዝሩ አንዱን ምረጡና ለጠየቃችሁ ሰው በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ደውላችሁ እንደማትችሉ ንገሩት።